«እርስዎ ይረፉ» ወይስ «እርስዎ ይውጡ»?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከፖለቲካችን ግርግር ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ሎስ አንጀለስም እንኑር ዋሽንግተን፣ አዲስ አበባም እንኑር ባሕር ዳር፣ ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም አንድ ቀን የምንደርስበት ነው። ብሔር ቢለያየን፣ ሃይማኖት ቢለያየን፣ ድርጅት ቢለያየን፣ ከእርጅና ነጻ የወጣ ወገን እስካሁን አልተገኘም። ጉዳዬ ሰውን በዕድሜው ምክንያት ማግለል ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

«እኛ ኢትዮጵያውያን ታላቅ እናከብራለን» የሚለውን ያልተናገረም ያልሰማም የለም። ፈረንጅ እናቱን መጦሪያ ቤት አስገብቶ ለገና ካርድ ይልካል፤ እኛ ግን ለሽማግሌ ከወንበራችን እንነሳለን፣ ጉልበት ስመን ምርቃት እንቀበላለን፣ ታላቅ ሳይጀምር እጃችንን ወደ ማዕድ አንሰድም እንላለን። ይህ ኩራት መሠረት የለውም አልልም። ያደግሁበት ነው፤ ልጆቼንም ያስተማርኩት ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል። ከወንበራችን ተነስተን ያስቀመጥናቸውን ሰው፣ ከተቀመጡ በኋላ ምን እናደርጋቸዋለን? ሥራ ሲፈልጉ እንቀጥራቸዋለን? ስብሰባ ላይ ሲናገሩ እናዳምጣቸዋለን? ወይስ «እርስዎ ይረፉ» ብለን በሩን ቀስ አድርገን እንዘጋባቸዋለን?

በበኩሌ መልሱ ሦስተኛው ይመስለኛል። እንዲያውም አክብሮታችን ራሱ የማግለያ መሣሪያ ሆኗል ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ።

ተረታችን ምን ይላል?

አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያወራውን ለማወቅ ንግግሩን፣ በልቡ የሚያስበውን ለማወቅ ደግሞ ተረቱን ማየት ነው። «ካረጁ አይበጁ» እንላለን። ዘግየት ብላ ላጌጠች ሴት «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብለን እንስቃለን። «አንበሳ ቢያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» እንላለን። «እርጅና ብቻህን ና» የሚለውማ ድህነትንና በሽታን አስከትለህ አትምጣብኝ የሚል የፍርሃት ጸሎት ነው። ወጣቱም ቢሆን ከዚህ ዱላ አልተረፈም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ተብሎ ገና እጁን ሳይታጠብ ከቡኮው ተባርሯል። እንግዲህ ልጅ ያቦካው ካልበቃ፣ ያረጀም ካልበጀ፣ በመካከል የቀሩት ጥቂት ዓመታት ብቻ ናቸው ማለት ነው። የሰው ልጅ ሰባና ሰማንያ ዓመት ኖሮ ሙሉ ሰው የሚባለው ለሃያው ብቻ ከሆነ፣ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

በፖለቲካችንም ቢሆን ሐሳብ ሲያጥረን የምንመዘው ሰይፍ ይታወቃል። «ጃጅቷል» ማለት ይበቃል፤ ክርክሩ አለቀ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከምርጫው በኋላ በ2005 ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር፤ የተፈቱት በ2007 ነው። አሳሪዎቻቸው «እርስዎ አርጅተዋል፣ ቤትዎ ይረፉ» አላሏቸውም። ለእስር የማያንስ ሰው ለሐሳብ እንዴት ያንሳል?

የማግለሉ ስም

ዘረኝነት የሚል ቃል አለን፤ ጎሰኝነት የሚልም አለን። ለዚህኛው ግን አፍ ላይ የገባ አንድ ቃል የለንም። ስም የሌለው በደል ደግሞ ለመክሰስ ያስቸግራል። አሜሪካኖችም ስም ያገኙለት በቅርቡ ነው። ሮበርት በትለር የተባለ የአእምሮ ሐኪም ቃሉን ያወጣው በ1969 ሲሆን፣ መነሻውም ቼቪ ቼዝ የተባለው የዋሽንግተን ሰፈር ነዋሪዎች ለአረጋውያን መኖሪያ ሊሆን በታሰበ ሕንፃ ላይ ያስነሱት ተቃውሞ ነበር። ሐኪሙ ያየው ነገር ቀላል ነው፤ ሰዎቹ የሚሸሹት ጎረቤቶቻቸውን ሳይሆን የራሳቸውን ነገ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ንቀት እንዳለው ገልጿል። እኔ «የዕድሜ መድልዎ» እለዋለሁ። የተሻለ ቃል ያለው ይጠቁመኝ።

እጇን እንጂ ፊቷን አንፈልግም

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። እኔ የምኖረው ሃውቶርን ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ምሥራቅ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ወደ ሰየማት የፌርፋክስ ጎዳና የምሄደው ለክትፎ፣ ለጤፍና ለወሬ ነው። እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ኑሯችን በአመዛኙ በአገልግሎት ሥራ ላይ የቆመ ነው፦ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ምግብ ቤት።

ስማቸውን የማላነሳቸውን ጨምሮ ባየኋቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ የሥራ ክፍፍሉ አንድ ዓይነት ነው። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ሊጥ ስታቦካ የምትውለው እናት ናት። ፊት ለፊት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቡና የምታፈላው ደግሞ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ ቡና የሚያፈላ ማን ነበር? እናቶቻችንና አክስቶቻችን አልነበሩም? ባህሉን «ባህላዊ» ያደረጉት እነሱ፣ ለደንበኛ ሲታይ ግን ፊታቸው የማይፈለገው እነሱ! የማውቃቸው አንዲት እመቤት በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው አስተናጋጅ ለመሆን ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እትዬ፣ እርስዎ ከሰው ፊት ቆመው አይድከሙ፣ ጓዳ ይግቡልን» የሚል ነበር። ጓዳ ገብተው አሥር ሰዓት ቆመው ሲሠሩ ድካማቸው ለማንም አልታየም።

ይህ ነገር ቀልድ እንዳይመስለን። ቴክሳስ ሮድሃውስ የተባለው ትልቅ የስቴክ ቤት ድርጅት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለአስተናጋጅነት፣ ለእንግዳ ተቀባይነትና ለመጠጥ ቀጂነት አልቀጥርም ብሏል ተብሎ በ2011 በፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ተከሰሰ። ድርጅቱ ጥፋቱን ባያምንም በ2017 ክሱን ለመጨረስ 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሳሹ መንግሥት የተከራከረበት ነጥብ ከእኛው «ጓዳ ይግቡልን» ጋር አንድ ነው፤ ፊት ላይ ወጣት፣ ሌላው ከኋላ።

አገር ቤትማ ነገሩ በጽሑፍ ይወጣል። የአዲስ አበባን የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የምትለዋን መስመር ያውቃታል። ይህች መስመር እዚህ አሜሪካ ብትታተም ፍርድ ቤት ታስቆማለች። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ብሎ ዘርን፣ ጾታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን እየዘረዘረ ሲወርድ ዕድሜን በስሙ አይጠራም፤ «በሌላ አቋም» በሚለው ውስጥ ይገባል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ግን እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚያው ከተማ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ይረዳል። ለመሆኑ እነዚያ አባቶችና እናቶች ከየት መጡ? ሽማግሌ ከሚያከብር አገር ጎዳና ላይ እኮ ነው የተነሱት።

«እርስዎን እንዴት አዛለሁ?»

ከራሴም ሕይወት ጥቂት ልጨምር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጭነት ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አዲስ ማናጀር መጣ። መጀመሪያ «ስንት ዓመት ልትቆይ ታስባለህ?» ይለኝ ጀመር። ከዚያ ለአዲሱ የሒሳብ ፕሮግራም ሥልጠና ወጣቶቹ ተላኩ፤ እኔ «ሥራው እንዳይበደል» ተብዬ ቀረሁ። በዓመቱ ደግሞ ፕሮግራሙን አታውቅም ተባልኩ! ቦታዬ ተሰረዘ ተብሎ ተሰናበትኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ሥራ ሌላ ስም ተሰጥቶት ማስታወቂያ ወጣ።

ይህ ከፈረንጅ የመጣ ስለሆነ ብዙ አላስገረመኝም። የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የአንድ ወገናችን አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ከእኔ ሃያ ዓመት ያንሳል። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ቡና አስመጣልኝ። የሥራ ልምዴን አይቶ ካደነቀ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከእርስዎ የተሻለ ሰው አላገኝም። ግን እርስዎን እንዴት አዛለሁ? አፍራለሁ።»

ይህ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ አፍሮ ነው የተናገረው። ነገር ግን የተናገረው ቃል ሲመረመር የበሽታችን ሥር እዚያ ላይ ይገኛል። «እርስዎን እንዴት አዛለሁ?» ማለት ምን ማለት ነው? ማዘዝ በእኛ አእምሮ ውስጥ መቆጣት፣ መዝለፍ፣ «አንተ! ና ወዲህ!» ማለት ሆኗል ማለት ነው። ታላቅን መዝለፍ ነውር ስለሆነ ታላቅን አንቀጥርም። ታናሽን መዝለፍ ነውር ስላልሆነ ታናሽን እንቀጥራለን። እንግዲህ ሽማግሌው ሥራ ያጣው ስለማይዘለፍ ነው፤ ወጣቱም ሥራ ያገኘው ስለሚዘለፍ ነው! ሁለቱም የአንድ በደል ሰለባዎች መሆናቸውን አስተውሉልኝ። አለቅነት የሥራ ድርሻን በጨዋ ቋንቋ መከፋፈል መሆኑን ብናውቅ ኖሮ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመቱ ወጣት የሃምሳ ስምንት ዓመቱን ሰው «ጋሼ፣ ይህንን ሒሳብ እስከ ሐሙስ ያድርሱልኝ» ለማለት የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። «እርስዎ» የሚለው ቃላችን ከሥራ ጋር ጠብ የለውም።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሒሳብ

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ነገሩ ከሌላው ይከፋል። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በዚህ አገር የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ስለሆነ ቢያንስ አሥር ዓመት ሠርቶ ግብር መክፈል ግድ ነው። የጡረታው መጠን የሚሰላው ደግሞ ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። 35 ዓመት ያልሞላለት ሰው የጎደለው ዓመት ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይቆጠርበታል። ከ1960 ጀምሮ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚከፈለው በ67 ዓመቱ ነው።

አሁን በ40 ዓመቱ በዲቪ የመጣ መምህር እናስብ። አገር ቤት ያስተማረበት አሥራ አምስት ዓመት እዚህ አይቆጠርለትም። እስከ 67 ዓመቱ አንድ ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ 27 ዓመት ነው፤ ስምንት ዜሮ ይዞ ጡረታ ይወጣል። በ57 ዓመቱ ከሥራ ተባርሮ ሁለተኛ የሚቀጥረው ካጣ ደግሞ ዜሮዎቹ አሥራ ስምንት ይሆናሉ። «እርስዎ ይረፉ» የምንለው ሰው በምን ሒሳብ ነው የሚያርፈው? አገር ቤት ላሉ እህት ወንድሞቹ የሚልከውን ገንዘብ ማን ይልክለታል? ዕረፍት ገንዘብ ላለው ዕረፍት ነው፤ ለሌለው ግን ጾም ነው።

ሥራ ፍለጋ ሲወጣም የሚጠብቀው ይታወቃል። በአጠገባችን በኦሬንጅ ካውንቲ፣ በኧርቫይን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዴቪድ ኑማርክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ40,000 በላይ የይስሙላ የሥራ ማመልከቻዎችን ለአሠሪዎች ልከው ነበር። ልምዱ ተመሳሳይ፣ ልዩነቱ ዕድሜ ነው። ለጡረታ የቀረቡት አመልካቾች መልሰው የተጠሩት ከወጣቶቹ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ከሁሉም የባሰ የተጎዱት ሴቶቹ ነበሩ። እትዬ ጓዳ ይግቡልን የተባሉት ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተሩም ተምሯል። አይቱተር ግሩፕ የተባለ በኢንተርኔት የሚያስተምር ድርጅት የቅጥር ፕሮግራሙ 55 ዓመት የሞላቸውን ሴቶችና 60 የሞላቸውን ወንዶች ሰው ሳያያቸው ይጥል ነበር ተብሎ ተከሶ፣ በ2023 ክሱን በ365,000 ዶላር ጨርሷል። ነገሩ የታወቀው አንዲት አመልካች ያንኑ ማመልከቻ የልደት ዘመኗን ብቻ ወደ ወጣትነት ቀይራ ስትልክ ለኢንተርቪው በመጠራቷ ነው። ወርክዴይ በተባለው የቅጥር ሶፍትዌር አቅራቢ ላይ እዚሁ ካሊፎርኒያ በ2023 የተመሠረተው ክስም 40 ዓመት የሞላቸውን አመልካቾች በጋራ አቅፎ እንዲቀጥል ዳኛዋ በ2025 ፈቅደዋል። ማሽኑ ከሰማይ አልወረደም፤ የእኛኑ ተረት ነው የሚደግመው፤ ካረጁ አይበጁ።

በቤታችንስ?

ከሥራ ቦታ ወጥተን ቤት እንግባ። ልጅ ወለድን፣ የሞግዚት ክፍያ ከበደን፣ እናታችንን ከአዲስ አበባ አስመጣን። በጠዋት ወጥተን ማታ ስንመለስ ሕፃኑ ታጥቧል፣ በልቷል፣ ወጡ ተሠርቷል። ሰው «እናትህ እንዴት ናቸው?» ሲለን የምንሰጠው መልስ «ደህና ናት፣ እያረፈች ነው» የሚል ነው። በዶላር ብንከፍልበት ከደመወዛችን እኩሌታውን የሚወስድ ሥራ ሲሆን ስሙ ዕረፍት! ሐኪም ቤት ስንወስዳትም ሐኪሙ የሚያናግረው እኛን ነው፣ እኛም የምንመልሰው እኛው ነን። «እሷ አይገባትም» እንላለን። የሚያማት እሷን፣ የሚታመመውም ጉልበት የእሷ መሆኑ ተረሳ። አገር ቤት የዕድር ዳኛ የነበረች፣ የሰፈር ጠብ የምታስታርቅ ሴት እዚህ በሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ እንደ ሕፃን ስለ እሷ ይወራል እንጂ ከእሷ ጋር አይወራም።

የታክሲው ሹፌር

በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ ሊያሳፍረን የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ መጥቶ ቀረ። ዓመታት አለፉ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆነ። ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከስንቶቻችን ጋር በየበዓሉ ተገናኝቷል? ስንቶቻችንን ከደለስ ወደ ቤታችን አድርሶናል? «አንድ ዘመን የነበረ ሙዚቀኛ» ብለን ነበር ያለፍነው።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ የኃይሉን የ1985 ካሴት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ገደማ ነበር። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ፤ በዓለም ትልልቅ መድረኮችም ላይ ተጫወተ። ካሴቱ ባሕር ዳር ነበር፤ ሰውየውም በመካከላችን ነበር። ሁለቱንም ያገኘልን ፈረንጅ ነው። ማረፍ አለበት ያልነው ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል አላረፈም ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

የወንበሩ ሌላኛው ወገን

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቼ «ጋሼ፣ ሽማግሎቹስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ናቸው። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ያወረዳቸው አብዮት ደግሞ የሃያ ዓመት ልጆች አብዮት ነበር። ያ ትውልድ «አሮጌ» የሚለውን ቃል ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎት ነበር። ዛሬ ያ ትውልድ ሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም እዚህ ናቸው። የኮሚዩኒቲ ማኅበራችንን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤያችንን፣ የዕድራችንን ወንበር ተመልከቱ። ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሊቀ መንበር ለሠላሳ ዓመቷ የኮምፒውተር ባለሙያ «ልጅ ነሽ፣ ቀስ ብለሽ ትደርሻለሽ» ይላታል። ደርሳ ምን ልታደርግ? ደርሳ እሷም «አርጅተሻል» ልትባል!

ወጣቱ ከስብሰባው ይሸሻል፤ ሽማግሌውም ከሥራው ይባረራል። ስለዚህ መድልዎን የምንቃወም ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ መቃወም ይኖርብናል። ሽማግሌ ሥራ የማግኘት መብት አለው ማለት ወንበር የመያዝ ዕድሜ ልክ መብት አለው ማለት አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ ይነሳል። «አንዳንድ ሥራ እኮ ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዳንድ ሥራ ዕድሜ ይገድበዋል» ይባላል። እውነት ነው። የአሜሪካ ሕግ የንግድ አውሮፕላን አብራሪን በ65 ዓመቱ ያስቆመዋል። ለአብራሪ የተጻፈውን ግን ለሒሳብ ሠራተኛና ለአስተናጋጅ ማን አመጣው? ሳጥን ማንሳት የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ ሰውየው ሳጥኑን እንዲያነሳ መጠየቅ ነው። አነሳ፣ ይቀጠር። አላነሳም፣ ይቅርበት፤ የሃያ ዓመት ልጅም ካላነሳ እንዲሁ። የሚፈተነው ችሎታ ይሁን እንጂ የልደት ወረቀት አይሁን። ደግሞስ እኛ ሐበሾች ስለ ልደት ወረቀት እርግጠኞች ሆነን እናውቃለን? ግማሻችን በሰነድ የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ቀን አይደለምን?

እዚህ ሃውቶርን ክሬንሾ ጎዳና ላይ አንድ ረጅም ሮኬት ቆሟል። በዲሴምበር 2015 ወደ ጠፈር ጭነት አድርሶ በእግሩ ቆሞ የተመለሰ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሮኬት አንዴ ተተኩሶ ይጣል ነበር። መሐንዲሶቹ ያገለገለን ሮኬት መልሶ ማሠራት አዲስ ከመግዛት እንደሚረክስ አሳይተዋል። ለብረት የገባን ነገር ለሰው እንዴት አልገባንም?

ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ ጥቂት ነጥቦች ላስቀምጥ።

1ኛ/ ሕጉን እንወቅ። ከ1967 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ ይጠብቃል፤ 20 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያላቸውን ድርጅቶች ያስገድዳል። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ አምስት ሠራተኛ ያለውን ሁሉ ይይዛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 በሰጠው ውሳኔ በፌዴራሉ ሕግ የሚከስ ሰው ዕድሜው ባይሆን ኖሮ እንደማይባረር ማስረዳት አለበት፤ ይህም ከዘርና ከጾታ ክስ የከበደ ነው። በካሊፎርኒያ ግን ዕድሜ ጉልህ ገፊ ምክንያት መሆኑን ማሳየት ይበቃል። አቤቱታ ለካሊፎርኒያ የሲቪል መብቶች መሥሪያ ቤት በሦስት ዓመት፣ ለፌዴራሉ ኮሚሽን በ300 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ለማመልከት ጠበቃም ገንዘብም አያስፈልግም።

2ኛ/ ስንባረር በዕለቱ አንፈርም። 40 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ገንዘብ ሰጥተው «በዕድሜ አልከስም» የሚል ወረቀት ሲያስፈርሙ፣ ሕጉ ለማሰብ 21 ቀን፣ ከፈረሙም በኋላ ሐሳብ ለመለወጥ 7 ቀን ይሰጣል። በጅምላ ከሆነ የማሰቢያው ጊዜ 45 ቀን ነው። ይህችን መስመር ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት።

3ኛ/ ባለ ንግድ ወገኖቼ፣ አራት ሠራተኛ ስላላችሁ ሕጉ ባይደርስባችሁ ኅሊና ይድረስባችሁ። እትዬን ፊት አውጧቸው። የቡናውን ወግ ከእሳቸው የተሻለ ለደንበኛ የሚያስረዳ የለም። «እርስዎን እንዴት አዛለሁ?» የምትሉም ማዘዝን ተማሩ፤ ወጣቶቹም ያርፋሉ።

4ኛ/ ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤዎች የሥልጣን ዘመን ይገድቡ፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች ላሉትም ከሻይ ማቅረብ ያለፈ፣ ድምፅ ያለው መቀመጫ ይስጡ። ከወንበር የሚወርደውም ሰው ወደ ቤቱ አይባረር፤ የሚያውቀውን የሚያስተምርበት ሥራ ይሰጠው።

5ኛ/ ቤታችን ውስጥ እናታችንን እንጠይቃት። «ዛሬ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ? የት መሄድ ትፈልጊያለሽ? ምንሽን ያምሻል?» ብለን መልሱን እስክትጨርስ እንጠብቅ።

ከወንበር መነሳታችንን አንተው። መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ታላቅን ማክበር ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ሐውልትም ይቀመጣል፤ ሰው ግን ይጠየቃል፣ ይሰማል፣ ይሠራል፣ ሲሳሳትም ይታረማል። ዛሬ «እርስዎ ይረፉ» የሚለው ወጣት ነገ በተራው ያንኑ ቃል በለሰለሰ ድምፅ የሚነግረው ልጅ እያሳደገ መሆኑን አይርሳ።

ቸር ይግጠመን።

ሃውቶርን፣ ካሊፎርኒያ